ባይራው እስኪቀምስ

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ወሬ ማስረዘም አልወድም። የኤርሳዶን ነገር ግን ላሳጥር ብዬ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ከደሴ ተመድቤ ወላይታ ሶዶ የመጣሁት ለሁለት ዓመት ብቻ ብዬ ነበር፤ ይኸው ሃያ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከዚህ ውስጥ ሃያውን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ከኤርሳዶ ጋር አንድ ጠረጴዛ ተጋርቼ ነው ያሳለፍኩት። ስለ እሱ ከተማው ብዙ ያወራል። እኔ የምናገረው ያየሁትን ነው፤ ካየሁት ውስጥ ደግሞ እኔንም የሚያስወቅስ አለበት።

ኤርሳዶ የታሪክ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ «ኬስቱ» ይሉታል። በደርግ ጊዜ፣ ገና ሃያ ዓመቱ ላይ፣ ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ሲላክ ዕጣው ሊትዌንያ ላይ ወደቀ፤ ቪልኒዩስ ከተማ። እዚያ ስድስት ዓመት ተቀምጦ ሦስት ነገር ይዞ ተመለሰ፦ አንድ ዲግሪ፣ አንድ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ካፖርት እና አንድ የሞተ መስፍን። ካፖርቱ ለሶዶ አየር ምን እንደሚሠራ እንጃ። መስፍኑ ግን ሥራ አላጣም።

«ኬስቱቲስ» ይላል ኤርሳዶ ጠመኔውን አስቀምጦ። መማሪያ መጽሐፉ ላይ የለም፣ ፈተና ላይ አይመጣም፤ እሱ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእጁ ላለፈ ተማሪ ሁሉ ነግሯል። እኔም በግድግዳ በኩል እየሰማሁት በቃሌ ይዤዋለሁ። «ስድስት መቶ ዓመት አልፎታል። ሁለት ወንድማማቾች አንድ አገር ይገዛሉ። ታላቁ አልጊርዳስ ቪልኒዩስ ተቀምጦ ምሥራቁን ያያል፤ ታናሹ ኬስቱቲስ ትራካይ ተቀምጦ ምዕራቡን ይጠብቃል። ሠላሳ ዓመት አብረው ሲገዙ አልተጣሉም። ታላቁ ሲሞት ልጁ ዮጋይላ ነገሠ። ኬስቱቲስ የወንድሜ ልጅ ነው ብሎ ተቀበለው። ልጁ ግን ከአጎቱ ተደብቆ ከጠላት ጋር ተዋዋለ። አጎትየው ደረሰበት፣ ዘምቶ ከተማውን ያዘ። አልገደለውም! ግዛት ሰጥቶ አሰናበተው። በዓመቱ አጎትየው ሌላ ዘመቻ ላይ ሳለ ልጁ ከተማዋን መልሶ ወሰዳት። ሁለቱ ጦር ፊት ለፊት ተፋጠጠ። ያኔ መልእክተኛ መጣ፤ 'ና እንታረቅ፣ ማንም አይነካህም' አለው። ኬስቱቲስ አመነና ሄደ።»

እዚህ ላይ ኤርሳዶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ያዙት። ክሬቫ ወደሚባል ግንብ ወሰዱት። በአምስተኛው ቀን ሞቶ ተገኘ።» ከዚያ ጣቱን ይቀስራል። «ስህተቱ ምን ነበር?» ስልሳ ተማሪ በአንድ ድምፅ «ያለ መያዣ መሄዱ!» ይላል። መያዣ ማለት ሰው መሆኑን ቀደም ሲል ነግሯቸዋል፤ በዚያ ዘመን የምታምነው ሰው ካልሆነ የሚወደውን ሰው እጅህ ላይ ታስቀምጣለህ። እኔ ይህን ጩኸት ስሰማ ሁልጊዜ እስቅ ነበር።

ኤርሳዶ መስፍኑን ያን ያህል የወደደው ያለ ምክንያት አልነበረም። ቤተሰቡ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ሃያ ደቂቃ በእግር ገባ ብሎ የሚኖር፣ ከመቶ በላይ ቤት ያለው ዘር ነው። የዘሩ ራስ «ባይራ» ይባላል፤ በወላይትኛ በኩር፣ ታላቅ ማለት ነው። ባይራው ጉታራ በሚሉት መሰብሰቢያ ሜዳቸው ላይ፣ ዋርካው ሥር፣ በትር ይዞ ይቀመጣል፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ይመርቃል። ጊፋታ ሲደርስ፣ በመስከረም በሚውለው የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ከታረደው ሰንጋ መጀመሪያ የሚቀምሰው እሱ ነው። እሱ ሳይቀምስ ከዘሩ ማንም አይቀምስም። አዲስ አበባ ያለው ዘመድ እንኳ ስልክ ደውሎ «ባይራው ቀመሰ?» ሳይል አይጎርስም። ፕሮቴስታንት ከሆኑ ወዲህ ብዙ ልማድ ትተዋል፤ ይቺን ግን አልተዉም። መጀመሪያ ስሰማ፣ አንድ ሰው ከዘገየ መቶ ቤት ይራባል ማለት ነው ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ።

ባይራው የኤርሳዶ ታላቅ ወንድም ባዳቾ ነበር። ባዳቾ በትሩን ይይዛል፤ የተማረው ኤርሳዶ ደግሞ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ የዘሩን ጉዳይ ያስፈጽማል። «አልጊርዳስና ኬስቱቲስ» ይለኛል ደረቱን ነፍቶ። የባዳቾ ሚስት እትዬ ወርቅውሃ ናቸው። ኤርሳዶ በአራት ዓመቱ እናቱ ስትሞትበት ወደ ወንድሙ ቤት ገባ፤ እትዬ ወርቅውሃ ያኔ ገና አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ያጠቡት፣ ያበሉት፣ ቅቤ ሸጠው ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ቪልኒዩስ ሳለ በሰው እጅ እያስጻፉ ደብዳቤ ይልኩለት ነበር፤ ሁሉም ደብዳቤ «በልተሃል ወይ?» በሚል ጥያቄ ነው የሚያልቀው። ኤርሳዶ ዛሬም ድረስ ሁሉንም አስቀምጧቸዋል።

ባዳቾ የዛሬ አራት ዓመት ሞተ። «ወንድም እያለ ልጅ አይቀመጥም» ያሉ ነበሩ፤ ኤርሳዶ ግን ዝም አሰኝቶ በትሩን ለሟቹ ልጅ ለሚልክያስ በገዛ እጁ አስያዘ። ሚልክያስ አርባን ያለፈ፣ በዞኑ አስተዳደር ቢሮ የሚሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር፤ ኤርሳዶ የሰጠው ከልቡ ነው።

ነገር የተበላሸው በፎቶ ኮፒ ነው። ሊድያ የምትባል የቀድሞ ተማሪው መናኸሪያው አጠገብ ኮፒ ቤት አላት። ኤርሳዶ ጡረታ በወጣ ማግስት «ቲቸር፣ ይሄ የናንተ ቤተሰብ አይደለም እንዴ?» ብላ ማሽኑ ላይ ተረስቶ የቀረ ወረቀት ሰጠችው። ሚልክያስ የጉታራውን ግማሽ ለመዋዕለ ሕፃናት መሥሪያ ለቀበሌው ለመስጠት በባይራነቱ የፈረመው ስምምነት ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ለአጎቱ አለመንገሩ ነው ክፉው። ኤርሳዶ ወረቀቱን ይዞ እኔ ቤት ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«የምስጢር ውል!» አለኝ። «አየህ አማረ? ዮጋይላ!»

«መዋዕለ ሕፃናት ነው እኮ።»

«ውል ውል ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኤርሳዶ የወንድሙን ልጅ ማየት አቆመ፤ የሚያየው የሊትዌንያውን ልጅ ብቻ ሆነ። ሚያዝያ ላይ ሚልክያስ ለሥልጠና ሐዋሳ በሄደበት ሳምንት ኤርሳዶ ሽማግሌ ሰብስቦ በትሩን ወሰደ። ለሚልክያስ ምክትልነት ሰጠው፣ ልክ እንደ መስፍኑ። ሐምሌ ላይ ኤርሳዶ የዓይን ሞራ ተገፎለት ኦቶና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የሚልክያስ ወገኖች በትሩን መልሰው ወሰዱ። «ዓይኔ ታሽጎ ቪልኒዩስን ወሰዱብኝ» ይለኛል፣ አንድ ዓይኑ በፋሻ እንደተሸፈነ። ልስቅ አልኩና አየሁት፤ ሰውየው የምሩን ነበር።

ነሐሴ ላይ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን ጉታራው ላይ ተሰበሰቡ። ድንጋይ ተወረወረ፣ የአንድ ጎረምሳ ግንባር ተፈነከተ። ከዚያ በኋላ የአንድ አያት ልጆች በአንድ ሚኒባስ መሳፈር ተዉ። ገበያ ላይ ሰላምታ ቀረ። ሌላ ድንጋይ ቢነሳ ሰው እንደሚሞት ሁሉም ያውቅ ነበር። የሚያግዳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጊፋታ እየመጣ ነው። ጠብ ይዞ ጊፋታን መሻገር በወላይታ ነውር ነው።

መስከረም በገባ ሽማግሌዎቹ ዕርቁን ለጊፋታ ዕለት፣ ጉታራው ላይ ቆረጡት፤ መጀመሪያ የሚቀምሰውም ለዕርቁ ሲባል ታላቁ፣ ኤርሳዶ ይሁን አሉ። እኔ የማንም ወገን ስላልሆንኩ መልእክት አመላላሽ አደረጉኝ። ሚልክያስ ቢሮው አስቀምጦኝ፣ በዚያ ለስላሳ ድምፁ፣ «ጋሼን ይምጡና እንታረቅ በልልኝ። ማንም አይነካቸውም» አለኝ። ሚልክያስ የአጎቱ ተማሪ አልነበረም፤ ታሪኩን አያውቅም። ያን ዓረፍተ ነገር ለኤርሳዶ እንዴት አድርጌ ላድርስ?

እንዳለ አደረስኩት። ኤርሳዶ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ቃል በቃል» አለ። «አማረ፣ ቃል በቃል እኮ ነው። እንግዲያው ይማልልኝ።»

ተመልሼ ሄድኩ። ሚልክያስ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አማኝ ነኝ፤ አልምልም። ቃሌ ይበቃል በላቸው።» ይህን ሲሰማ ኤርሳዶ ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ ነው። «የማይምል ዮጋይላ! እንግዲያው መያዣ እፈልጋለሁ። ጉታራው ላይ ቆይቼ እስክመለስ እናቱ ሶዶ እኔ ቤት ትቀመጥ።»

«እትዬ ወርቅውሃን? አብደሃል እንዴ?» አልኩት። «ያሳደጉህን ሴትዮ?»

«ልጇ እጁን የማያነሳብኝ እሷ እኔ ጋ ካለች ነው። አንተ ሒሳብህን አስተምር።»

መልእክቱን ሳደርስ ከኀፍረት የተነሳ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የማየው። ሚልክያስ «ትሂድ» አለ። «የእሳቸውም እናት ናት።»

የጊፋታ ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እትዬ ወርቅውሃ በባጃጅ መጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ በእጃቸው ስልካቸውንና የስኳር በሽታ መርፌያቸው ያለበትን ትንሽ ቦርሳ ይዘዋል። በሩ ላይ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ወደ ኤርሳዶ ዘረጉ። «እሰረኛ! ምርኮኛው መጣልህ» አሉት። የኤርሳዶ ሚስት ብርሃኔ አፏን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ኤርሳዶ መሬት መሬት እያየ ጉልበታቸውን ሳመ። እሳቸው ግን አልተቀየሙም፤ የካፖርቱን ኮሌታ አስተካከሉለት። አዎ፣ ያን ካፖርት ለብሶ ነበር፣ በዚያ ፀሐይ።

«ሂድ ልጄ» አሉት። «ቶሎ ቅመስ፤ እኔም ይርበኛል።»

እኔም ኤርሳዶም ሰምተናል። ሁለታችንም ቀልድ መሰለን።

ጉታራው ላይ ከሦስት መቶ የማያንስ ሰው ነበር፤ የኤርሳዶ ወገን በቀኝ፣ የሚልክያስ በግራ፣ መሀሉ ባዶ። ኤርሳዶ ገና ሳይቀመጥ አንድ ነገር አዘዘ፤ የሁሉም ስልክ ይሰብሰብ። «ማንም ፖሊስ አይጠራም፣ ማንም አይቀርጽም።» ሚልክያስ የመጀመሪያው ሆኖ ስልኩን አስረከበ። ስልኩ ሁሉ ትልቅ ቅርጫት ውስጥ ገባና ቅርጫቱ ለእኔ ተሰጠ። የኤርሳዶም ስልክ እዚያው ውስጥ ነው።

ሰንጋው በማለዳ ታርዷል። ሚልክያስ በእንሰት ቅጠል ላይ የቀረበውን ሥጋ አጎቱ ፊት አስቀመጠ፤ አጠገቡ በሸክላ ዳታ፣ ያ እሳት የሆነ የወላይታ በርበሬ። ከዚያ ተንበርክኮ ቢላዋውን በሁለት እጁ ሰጠው። ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ሌላ ዓመት ቢሆን በዚህ ሰዓት ባይራው ቀምሶ፣ ሁሉም ጎርሶ፣ ጭፈራው ተጀምሯል።

ኤርሳዶ ቢላዋውን ተቀብሎ ቅጠሉ ላይ አስቀመጠው። ከካፖርቱ ኪስ ወረቀት አወጣና ማንበብ ጀመረ። አሥራ አንድ ነጥብ ነው። ስለ ውሉ፣ ስለ ሐዋሳ፣ ስለ ኦቶና፣ ስለ ድንጋዩ። ለእያንዳንዱ ነጥብ መልስ ይጠይቃል፣ መልሱን በእስክሪብቶ ይጽፋል። እኔ አጠገቡ ስለነበርኩ «ቅመስና ከዚያ ታነበዋለህ» አልኩት።

«ከቀመስኩ ታረቅኩ» አለኝ በሹክሹክታ። «ከታረቅኩ ምን ይዤ እከራከራለሁ? ደግሞ ያ በነጭ የተጠቀለለው ምንድን ነው?»

ከሚልክያስ ኋላ፣ ዋርካው ግንድ ላይ፣ በነጠላ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ተደግፏል። እኔም ሳየው ጠመንጃ መሰለኝ። የቀኙ ወገን ወጣቶችም አይተውታል፤ አንዱ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ሲያነሳ አየሁ። የግራዎቹ ያንን አይተው ተነሱ። ሽማግሌዎች በመሀል ገብተው በብዙ ልመና አስቀመጧቸው። ኤርሳዶ ላቡ በካፖርቱ አንገት ሥር ይወርዳል፤ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ነበር።

አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ ግን አንድም እናት ቁራሽ አልሰጠችም። ሥጋው ላይ ዝንብ ተሰበሰበ። ቅርጫቱ ውስጥ ስልክ ይጠራል፣ ይቆማል፣ ሌላው ይጠራል። ከየከተማው ያለ ዘመድ «ባይራው ቀመሰ?» ለማለት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ይህን ብቻ አሰብኩ! ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ጎንበስ ብዬ አየሁ። የኤርሳዶ ስልክ ላይ «ብርሃኔ» ይላል፤ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች። የሚልክያስ ስልክ ላይ ደግሞ «እማዬ» ይላል፤ ስድስት ጊዜ።

«ብርሃኔ እየደወለች ነው» አልኩት።

«አትንካው!» አለ። «ቤቴን ከበው ይሆናል። ሊያስደነግጡኝ ነው፤ እዚህ ሆኜ እጅ እንድሰጥ። አትንካው አልኩህ!»

አልነካሁትም። ይኸውና ጥፋቴ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ ባለ ዲግሪ፣ ቅርጫት ታቅፌ አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ዘጠነኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ስልኩ እንደገና ጠራና አነሳሁት።

ብርሃኔ ሰላምታ እንኳ አልሰጠችኝም። «ቀምሷል?» አለች። «አማረ፣ ቀምሷል በለኝ!»

«አልቀመሰም። ምነው?»

«ወይኔ! ጠዋት መርፌያቸውን ተወጉ። እንደ ወትሮው በሦስት ሰዓት ይቀምሳል ብለው። ከዚያ ወዲህ እህል በአፋቸው አልዞረም። ሻይ በስኳር ሰጠኋቸው፣ ማር ሰጠኋቸው፣ ለመንኳቸው። ባይራው ሳይቀምስ አልቀምስም አሉ። ዋሽቼ ቀምሷል አልኳቸው፤ ማን ነገረሽ፣ ስልክ እኮ አይነሳም አሉኝ። ላባቸው ሲወርድ ጎረቤት ጠራሁ። አሁን ማሩን በግድ ላጎርሳቸው ብል ጥርሳቸው ገጠመ። አይሰሙኝም። ባጃጅ የለም፣ መንገዱ ሁሉ በጊፋታ ጨፋሪ ተሞልቷል!»

የቅርጫቱን ስልክ ሁሉ መሬት ላይ ዘርግፌ ተነሳሁ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም። ሚልክያስ «እናቴ!» ብሎ ሲነሳ ግን አስታውሳለሁ። ኤርሳዶ ወረቀቱን ጣለ። ቢላዋውን አልፈለገም፤ ከሥጋው በእጁ ገንጥሎ፣ ከነዝንቡ፣ አፉ ውስጥ ከተተና ስልኩን ከእጄ ነጠቀኝ።

«ቀምሻለሁ!» ብሎ ጮኸ፣ አፉ ሙሉ እንደሆነ። «እትዬ፣ ቀምሻለሁ! ኤርሳዶ ነኝ! ቀምሻለሁ፣ ብዪ!»

ስልኩ ድምፅ ማጉያው ላይ ነበር። ሦስት መቶ ሰው እየሰማ ብርሃኔ «አይሰሙህም» አለች።

ወደ ሶዶ የሄድነው በሚልክያስ መኪና ነው። አጎትና የወንድም ልጅ ከአንድ ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ በመስኮት ወጥቶ ጨፋሪውን «መንገድ! መንገድ!» ይላል። ጨፋሪዎቹ ለበዓሉ የጮኸ መስሏቸው በዘፈን ይመልሱለታል። ኦቶና ስንደርስ ጎረቤቶች እትዬ ወርቅውሃን በቃሬዛ አድርሰዋቸው ነበር። ሐኪሞቹ ስኳሩን በደም ሥራቸው ሰጡ፤ የሚችሉትን ሁሉ አደረጉ። «ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢሆን» አለን አንዱ ሐኪም፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

እትዬ ወርቅውሃ አልነቁም። ኤርሳዶ ከአልጋው እግር ሥር አልተነሳም። በሦስተኛው ቀን ማታ ወደ ኮሪደሩ ወጣና ክንዴን ያዘኝ። «አምስተኛውን ቀን ካለፈች ትድናለች» አለኝ። ለምን አምስት እንዳለ ገባኝ፤ ኬስቱቲስ በአምስተኛው ቀን ነው የሞተው። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ያን ሰው እንኳን መቆጣት ማየትም አልቻልኩም።

በአምስተኛው ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ድንኳኑ ሳይፈርስ ኤርሳዶ በዘሩ ሁሉ ፊት ተነሳ። «በትሩ የሚልክያስ ነው» አለ። «እኔ ከእንግዲህ እዚያ ሜዳ ላይ እግሬን አላደርግም።» ድምፁ ተሰብሮ ስለነበር ከኋላ ያሉት አልሰሙም። ሚልክያስ ወደ ቤት ገብቶ ያን በነጠላ የተጠቀለለ ረዥም ነገር ይዞ ወጣና ፈታው። በትሩ ነበር።

«ጋሼ፣ የዚያን ቀን ይዤው የመጣሁት እንደቀመሱ ልሰጥዎ ነው» አለ፣ በዚያ ድምፁ። «ታላቅ እያለ አንተ አትቀመጥ ያለችኝ እናቴ ናት። የጉታራውንም ውል አስቀርቼው ነበር። እናቴ እስኪቀምስ ብላ የጠበቀችው እኔን አይደለም፤ እርስዎን ነው። ባይራው እርስዎ ነዎት። እኔ የእሷን ቃል አላፈርስም።»

ቢሰድበው ይሻል ነበር። ቢመታው ይሻል ነበር። ኤርሳዶ በትሩን ተቀበለ፤ እምቢ የሚልበት አፍ ከየት ያምጣ? ወደ ሶዶ ስንመለስ መናኸሪያው ጋ ደርሰን «አማረ» አለኝ። «ስህተቱ ያለ መያዣ መሄዱ ነው ብዬ ለስንት ልጅ አስተማርኩ?»

በዓመት ሦስት መቶ ቢሆን፣ በሠላሳ ዓመት፤ ማባዛቱ ቀላል ነው። አላባዛሁለትም።

ዘንድሮ ጊፋታ ላይ ሄጄ ነበር። ኤርሳዶ ዋርካው ሥር በትሩን ይዞ ተቀምጧል፤ ካፖርቱን አልለበሰም። ሰንጋው ተገፎ እንዳለቀ ምርቃት አልጠበቀም፣ ቅጠልም አልጠበቀም፣ ዳታም አላስነካም። የመጀመሪያውን ቁራጭ ሳያኝክ ዋጠው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እንኳ አልሞላም። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፤ ሰው ሁሉ ወደ ሌላ ቦታ አየ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ወደየቤቱ መደወል ጀመረ፤ «ቀምሻለሁ፣ ብሉ» ይላል፣ ይዘጋል፣ ወደሚቀጥለው ይደውላል። ከመቶ በላይ ቤት ነው፤ አንዱንም አልዘለለም።

ከሁሉ በፊት የደወለው ግን እትዬ ወርቅውሃ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩ ሚልክያስ ኪስ ውስጥ ጠራ። ሚልክያስ አውጥቶ ጆሮው ላይ አደረገው። «ቀምሻለሁ» አለው ኤርሳዶ። «እሺ ጋሼ፣ እንበላለን» አለ ሚልክያስ። የተቀመጡት አሥር እርምጃ ተራርቀው ነበር።